የአባባ ኢሺሞሪ አንደኝነት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ከትምህርት ቤት መጣሁ። እራት ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ። እማ ዓሣውን አልነካችውም፤ ከማዘጋጃ ቤት ይዛ የመጣችውን ወረቀት አሥር ጊዜ አነበበችው። የከንቲባ ምርጫው ለአሥራ ስድስት ተቆርጧል። የመንደራችን የኩማታኒ ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ደግሞ እሷ። አዎ፣ የመንገድና የበረዶ ጠረጋ ክፍሏ እናቴ ሚሳኮ። ሌላ ጊዜ ስለ አስፋልት ጉድጓድ ነው የምታስበው።

ፍርሃቷ ይገባኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ጣቢያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ስታድል ሁለት ተጣብቀውባት ለአንድ ሰው ሰጠች። ሲቆጠር አንድ በለጠ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት ካሜራ ፊት ተሰልፈው አጎነበሱ። ስሟ ጋዜጣ ላይ አልወጣም... ምን ዋጋ አለው? መንደራችን ሁለት መቶ አሥር መራጭ ነው ያለው፤ ሳይጻፍለት ያነባል።

«አሁንም አንዲት ነገር ከተበላሸች...» አለችና የቀረውን ከሩዙ ጋር ዋጠችው።

እሁድ፣ ኖቬምበር 9

ሐሳብ መጣልኝ።

ሴፕቴምበር ላይ አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። መምረጥ እችላለሁ። መምረጥ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ የደረሰ መራጭ ኮሮጆው ሳይቆለፍ ውስጡን አይቶ ባዶ መሆኑን ይመሰክራል። ደንቡ ነው። እኛ መንደር ግን ነገሩ የአባባ ኢሺሞሪ ርስት ሆኗል። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ ሰማንያ አራት ዓመት፣ በተከታታይ አሥራ ዘጠኝ ምርጫ አንደኛ። ጎህ ሳይቀድ ታጣፊ ወንበር ይዘው በር ላይ ይሰየማሉ። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ ወሬያቸው እሱ ነው። ኮሮጆ እንዴት እንደሚታይ፣ በየት በኩል እንደሚጎነበሱ... ሰውየው ስለ ባዶ ሣጥን አንድ ሰዓት ማውራት ይችላሉ።

ከዙፋን ላወርዳቸው ነው። ለእማ አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከሩቅ «ሚሳኮ፣ ዘንድሮ እንኳ ወረቀቱን ለይተሽ ስጪ» አሉኝ። ልጇ ዋካና ነኝ አልኩ። ያው ናችሁ አሉና አለፉ።

ያው ናችሁ? እሺ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ዛሬ ግን እማን አሰብኳትና ቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። የሰዓቴን ደውል ለእሁድ ንጋት አሥር ሰዓት ሞላሁት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

እማ ምሳዋን ረስታ ሄዳ ላደርስላት ሄድኩ። ጣቢያው በተዘጋው የድሮ ትምህርት ቤታችን የስፖርት አዳራሽ፣ ጂሙ ውስጥ ነው። ከኖሞቶ ጋር ዕቃ እያረጋገጡ ነበር። ኖሞቶ ከግብር ክፍል የተላከ የዘንድሮ ቅጥር ነው፤ በር ሲከፍት በሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። ስልሳ አራት መስመር ያለው ዝርዝር። እማ ታነባለች፣ እሱ «አለ» እያለ ምልክት ያደርጋል። እርሳስ። አለ። የማንበቢያ መነጽር። አለ። የኮሮጆ ቁልፍ። አለ።

እርሳሶቹን ራሷ ሁለቴ ቀረጸቻቸው። በዚያ እርሳስ ልብስ መስፋት ይቻላል።

እሁድ፣ ኖቬምበር 16፣ ከሰዓት በኋላ

ቅደም ተከተሉን ሳልረሳ ልጻፈው።

እማ ከእኔ ቀድማ በጓሮ በር ገብታ ነበር። እኔ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ዋናው በር ደረስኩ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ማንም የለም። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የባትሪ መብራት መጣ፣ የወንበር ኮሽታ... ቆመ።

«ማነው እሱ?»

«ሁለተኛ ነዎት፣ አባባ» አልኳቸው።

ወንበራቸውን ዘረጉ። ከዚያ እንቅልፍ ለልጅ ጥሩ ነው አሉ። ለሽማግሌም አይከፋም አልኩ። ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝ። ቦታሽን ልቀቂ አላሉም፤ ሻዩ ግን እንደዚያ ይል ነበር። ጠጣሁት። አልለቀቅኩም።

ልክ አንድ ሰዓት ላይ እማ በሩን ከፈተች። አየችኝ። ከኋላዬ አባባ ኢሺሞሪ፣ ከሳቸው ኋላ አሥራ አንድ ሰው። ፊቷ ሲለወጥ ነው የነቃሁት። የኃላፊዋ ልጅ የእናቷን ኮሮጆ ባዶ ነው ብላ ልትመሰክር ነው። መንደሩ ምን ይላል? እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ብልጥ ነኝ ባይዋ...

አባባም አብረውኝ ይዩ አልኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት የምርጫ ታዛቢዎች በአንገታቸው እሺ አሉ። አባባ ኮታቸውን አስተካከሉ።

እማ ክዳኑን አነሳች። ቀጥ ብላ ቆማ፣ ዓይኗን እኛ ላይ ተክላ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን እንድናረጋግጥ ጠየቀች። አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጎነበሱ። በግራ አዩ። በቀኝ አዩ። ቀና አሉ።

«ባዶ ነው።»

ጂሙ በድምፃቸው ተሞላ። ተራው የኔ ሆነ። አየሁ። ጥጉ ላይ፣ ጥላው ውስጥ፣ ትንሽ ግራጫ ፖስታ። «ቁልፍ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ኮሮጆው የሚዘጋው በጓጉንቸር ነው። ለመዝጋት ቁልፍ አይፈልግም፣ ገጭ ማድረግ ነው። ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ ቢዘጋስ? ማታ ቆጠራ አዳራሽ፣ ጋዜጠኛ ፊት፣ የእማን ኮሮጆ በመጋዝ...

አርባ ዓመት ፖስታ ያደለ ሰው ፖስታ ሳያይ ቀረ። ለዓመት የሚበቃ ፌዝ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ቆሟል። አባባ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። ፌዙን ዋጥኩት።

«አባባ እንዳሉት ነው፤ አንድም የድምፅ ወረቀት የለበትም» አልኩ። «አንድ ፖስታ ግን አለ። ሳይቆለፍ ይውጣ።»

እማ እጇን ሰደደች። ቁልፎቹ ፖስታው ውስጥ ሲንቃጨሉ ኖሞቶ ኖራ መሰለ። ለካ ትናንት እንዳይጠፋ ብሎ ከዕቃው ሁሉ ጠንካራው፣ ኮሮጆው ውስጥ ከትቶት ነው «አለ» ያለው። አልዋሸም እኮ፣ ነበረ። እማ ለታዛቢዎቹ አሳየች፣ መዝገቡ ላይ አሰፈረች፣ ሣጥኑን ዘቅዝቃ ለሁላችን አሳየችና ቆለፈችው። ድምፄን ሰጠሁ። ለማን? ለዚህ ደብተርም አልናገርም።

አባባ በሩ አጠገብ ጫማችንን ያወለቅንበት መደርደሪያ ጋ ጠበቁኝ።

«አላየሁትም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ባለፈውም ምንም አላየሁም። ከዚያ በፊትም። ከታች ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው።»

ታዲያ ባዶ ነው ለምን ይላሉ? አልኩ። ጫማቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ፈለጉ። አቀበልኳቸው።

«ሰው ቆሞ ይጠብቃላ» አሉ።

ለማንም አልናገርም ግን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አልኳቸው። አንቺ ማነሽና አሉ። አንደኛዋ አልኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ታደለ፣ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ወጣ። እማ እስከ እኩለ ቀን ተኛች። ስትነሳ ሦስት እንቁላል በላች።

ስለ አባባ ዓይን ምንም አልተነፈስኩም። እሷ ናት የጀመረችው።

«እኔም እኮ አላየሁም» አለች። «ክዳኑን የማነሳው የሰው ፊት እያየሁ ነው። ኢሺሞሪ ያያል ብዬ።»

ኖሞቶ ደግሞ እሷ ታያለች ብሎ። ታዛቢዎቹ እኛ እናያለን ብለው። አባባ... ከዚህ ሁሉ ትልቅ ሰው ውስጥ የሣጥኑን ወለል ያየችው ዙፋን ልትነጥቅ የመጣችው ብቻ ናት። ለዛሬ አልሳለቅባቸውም። ነገ እናያለን።

እሁድ፣ ዲሴምበር 14

በረዶ። የእማ ክፍል ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው።

የአባባ ቀኝ ዓይን ማክሰኞ ዕለት ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ተሠራ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ግንባሬን አፍጥጠው አዩና ብጉር አለብሽ አሉ። ሐኪሙ አበዛው አልኩ።

ማዘጋጃ ቤቱ እማን ለስምንቱም ጣቢያ ኃላፊዎች አሠራሩን እንድታሳይ ጠየቃት። ስልሳ አምስተኛ መስመር አስገብታለች፦ ክዳኑን የሚያነሳ ራሱ አስቀድሞ ይይ። ትናንት መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰማኋት፤ ድምፅዋ እንደዚያ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኤፕሪል ላይ የምክር ቤት ምርጫ አለ። አባባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ላይ ነኝ፣ ብትችዪ ቅደሚኝ ብለው ዛቱብኝ። ነገርኳቸው፤ አልሰለፍም። ተማሪ አስፈጻሚ ሲፈልጉ ተመዝግቤያለሁ። ድምፄን አስቀድሜ ሰጥቼ፣ የዚያን ቀን በሩን ከውስጥ የምከፍተው እኔ ነኝ።

ካሸነፈ ሰው ይልቅ የተዘረፈ መሰሉ።

«ታዲያ ማንን ነው የምቀድመው?» አሉ።