በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ስለምትስቀው አክስቴ

ይድረስ ለክቡር የታላቁ የምስል ፈጣሪ ኩባንያ የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየአህጉሩ ያለ ዕረፍት የሚያጉረመርሙት ኮምፒውተሮችዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የኮምፒውተሮችዎን ጤንነት የምጠይቀው ከትሕትና ብቻ አይደለም፤ እኛም ተከራይተን የምንሠራው በእነርሱ ላይ ነውና፣ እነርሱ ሲያነጥሱ እኛ አልጋ ላይ እንውላለን።

እኛ ማለት ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል የምንሠራ ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ወንድሜና የወንድሜ ሚስት። እንደ እርስዎ ሁሉ እኛም ደንበኛ በጽሑፍ ያዘዘንን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንፈጥራለን። ልዩነታችን ትንሽ ነው። እርስዎ የዓለምን ፎቶ ሰብስበው ማሽንዎን አስተማሩ። እኛ በር እያንኳኳን የሰው ፊት ለመንን። ፀጉር አስተካካዩ ሰጠን፣ ጎረቤቶች ሰጡን፣ አክስቴ ሰጠችን። ለእያንዳንዳቸው፣ ያልፈለጉ ቀን እንደምናወጣቸው ቃል ገባን። አንድ ሰው ሲወጣ ምስል የሚፈጥርልንን ፕሮግራም፣ ሞዴሉን፣ ያለ እርሱ እንደገና እናሠለጥናለን። አዎ፣ እንደገና። ወንድሜ ይህን አሠራር የቂል ሥራ ይለዋል፤ ደንበኞቻችን ግን የሚመጡት ለዚሁ ነበር።

ነበር።

ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ጉዳዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ምስል መፍጠርን ለሁሉም በነፃ ስላደረጉ ከልብ አመሰግናለሁ። የመማሪያ መጻሕፍቱን ሥዕል እኛ ዘንድ ያሠራ የነበረው አሳታሚ ደውሎ፣ “እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ በነፃ እየሰጡኝ ለእናንተ ብከፍል ሚስቴ አብደሃል ትለኛለች” አለኝ። አልተቀየምኩም። ለእኛ ኮምፒውተር የሚያከራየው ኩባንያ ለደንበኞቻችን ምስሉን በነፃ ሲያድል፣ በማን መቀየም እንደሚገባ ገና አላወቅኩም።

፪ኛ፦ ስለ አዲሱ የኪራይ ውል። አንድ ጠዋት ሥራ ስንከፍት ረጅም ጽሑፍ፣ ከሥሩም “እስማማለሁ” የሚል ቁልፍ መጥቶ ኖሯል። “አልስማማም” የሚል አልነበረም፤ ምናልባት ቦታ ጠቦዎት ይሆናል። ሦስታችንም በአንድ የይለፍ ቃል ስለምንገባ፣ ማን እንደተጫነው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወንድሜ ሚስቱን ያያል። ሚስቱ እኔን ታያለች። እኔ ጣቴን አያለሁ። በኮምፒውተሮችዎ ላይ ያስቀመጥነውን ሁሉ “አገልግሎቱን ለማሻሻል” እንዲጠቀሙበት መፍቀዳችንን ያነበብነው በኋላ ነው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ።

፫ኛ፦ አክስቴ። የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ አልተቀመጠችም። እንደቆመች፣ “አንቺ፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የመገጣጠሚያ ቅባት ይዤ እየሳቅኩ ነው” አለችኝ። ሰው ይመሳሰላል አልኳት። “ይመሳሰላል። ግን የዚያችኛዋ ጥርስ ሙሉ ነው። ማን ነው ያስተከለልኝ?”

ሄድኩ። ከማስታወቂያው ሥር የኩባንያዎ ምልክት በትንሹ ታትሟል። ፊቴን አስጠግቼ የሴትዮዋን ዓይን አየሁ። እዚህ ላይ ስለ አንድ ጉድለታችን ልንገርዎ። ፎቶዎቻችንን ሁሉ ያነሳነው በዚያችው ክፍል፣ በአንድ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ የመስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ደፍነነዋል። ስለዚህ እኛ በፈጠርነው ምስል ሁሉ፣ የንግሥት ይሁን የሕፃን፣ በዓይኑ ብሌን ውስጥ አንድ ማዕዘኑ የጠቆረ መስኮት ያንጸባርቃል። እንዲህ የሚሳሳት ሌላ ኩባንያ ያለ አይመስለኝም፤ ሌላው መስታወት ይገዛል። በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ፣ በሴትዮዋ ዓይን ውስጥ፣ መስኮታችን ነበር። ከነካርቶኑ።



፬ኛ፦ ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉኛል ብዬ ስፈራ፣ ስለ አክስቴ ለላክሁልዎት አቤቱታ በቅጽበት ስለመለሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልሱ “ለአገልግሎታችን ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን” ይላል። በማግስቱ ደግሞ ድርጅታችንን ከነፎቶዎቹ ገዝተው የቤተሰብዎ አባል ሊያደርጉን እንደሚፈልጉ ጻፉልን። ወንድሜ፣ “ፊታችንን ወስደው ሲያበቁ አንገታችንን ይጠይቃሉ” አለ። ሚስቱ፣ “አንገቱንስ እንኳ ጠየቁ፤ ፊቱን መች ጠየቁ” አለችው። ሳቅን። አንሸጥም ብለን መለስን፤ ለሰዎቹ የሰጠነው ቃል እንዴት እንደሚሸጥ አናውቅምና።

፭ኛ፦ ይህ ቅሬታ አይደለም። ፍርሃት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ማስታወቂያ ሁሉ ዓይን ዓይኑን አያለሁ። አውቶቡስ ላይ። ባንክ ውስጥ። የወተት ካርቶን ላይ። አንዳንዴ መስኮቱን አገኘዋለሁ። አንዳንዴ በእርግጥ አግኝቼው ይሁን እኔው በሐሳቤ ፈጥሬው አላውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ደረጃው ላይ ሰላም ሲለኝ ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ፊቱ የት እንዳለ ቢጠይቀኝስ? የየትኛው ሳሙና፣ የየትኛው ብድር፣ የየትኛው ፓርቲ ፊት ሆኖ እንደሆነ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

አክስቴ “አውጪኝ” አለችኝ። ከእኛ ዘንድ አወጣናት፤ ሞዴሉን ያለ እርሷ እንደገና አሠለጠንን። ከእርስዎ ዘንድ ግን መውጫው በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ እርሷን፣ እንዲሁም እኛን አምነው ፊታቸውን የሰጡንን ሁሉ ያውጡልኝ። የማይቻል ከሆነም፣ እንደማይቻል አንድ ሰው፣ ድምፅ ያለው ሰው፣ ይንገረኝ።

ከኪራይዋ አንዲት ቀን የማታሳልፍ፣ በሰፊው ግዛትዎ ጥግ ትንፋሿን ውጣ የምትሠራ፣ ታዛዥ ተከራይዎና፣ ይህ አባባል ካላስቀየመዎት፣ ተፎካካሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አክስቴ ትናንት “ወጣሁ?” ብላ ጠየቀችኝ። ወጥተሻል አልኳት። “ከሁሉም?” ከሁሉም አልኳት። እፎይ ብላ ተቀመጠች። ክቡር ሆይ፣ ይህን ውሸት እውነት ለማድረግ ሥልጣን ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስከዚያው ድረስ ከሁለታችን ውሸታሟ እኔ ነኝ፤ እርስዎማ ምንም አላሉም።