ጀልባውን ሳይፍቁ እንዳይገዙ

ለተከበሩት አጎቴ፣ ታጁራ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረሙ? ያ የሚነዘንዝዎ ጉልበትዎስ እንዴት ነው? አክስቴ ነሲባ፣ ልጅዎ ሰዳምስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ኮላውን እንኳ አላደርቅ ብሎኛል። ነገሩን በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ተለያየን። ስለዚህ ጽፌ ወደ ታጁራ ለሚወርደው ሾፌር ለዘይኑልአቢዲን ሰጥቼዋለሁ። ከእርስዎ እጅ በቀር እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

ሊገዙት ያሰቡት ባለ ሸራ ጀልባ ፎቶ ደርሶኛል። ታጁራ አራት ዓመት ጀልባ ስትጠግን ኖረሃልና አካሉ እንዴት እንደሚፈተሽ ጻፍልኝ ብለዋል፤ ሰዳም ሊነዳው ነውና ነገሩ ቀልድ አይደለም። እርስዎ እኮ አልዩ አምባ ገበያ በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ቆጥረው፣ ጀርባዋን ዳብሰው፣ ሻጩን ወላሂ አስብለውም አያምኑም ነበር። ጀልባ ላይ ሲደርሱ እንዴት በቀለም ተሸነፉ? ነጩና ሰማያዊው ደስ አለኝ ብለው ልከውልኛል። አጎቴ፣ አዲስ ቀለምን እንደ ሻጭ መሐላ ይዩት።

መጀመሪያ ከውሃ አስወጥተው አሸዋ ላይ ያጋድሙት። ውሃ ላይ እያለ የማያምር ጀልባ የለም። ከዚያ በመዶሻ እጀታ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ እያንዳንዱን ጣውላ ያንኳኩ። ጤነኛ እንጨት አጭርና ጠንካራ ድምፅ ይመልሳል፤ የበሰበሰው ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ከታች በሚሄደው ዋና ግንድና በመጀመሪያው ጣውላ መሃል በወስፌ ይውጉ፤ ሳይታገልዎ ከገባ ይተዉት። ለክብደት ሆዱ ውስጥ የተጫነውን ድንጋይ አስነስተው ከሥሩ ይመልከቱ። ሻጩ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ። የተቀየረ ጣውላ ካለ አካሉን ከውስጥ የሚይዙ ቢያንስ ሦስት የጎድን እንጨቶች ተሻግሮ መመታት አለበት። አጭር ቁራጭ ካዩ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው።

እዚህ በርና ቁምሳጥን እሠራለሁ። ቀለም ግን አልቀባም። አንዲት ደንበኛዬ እንጨቱን ራቁቱን ነው እንዴ የምትሸጠው ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ልበላት? ብሩሽ በያዝኩ ቁጥር ልጅዎ ዓብዱራህማን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከኋላዬ ቆሞ ገና አልደረቀም ወይ ይለኛል። የመጨረሻዋ ቀን ጠዋትም እንዲሁ ነበር ያለኝ፤ ለመውጣት ቸኩሎ ነበር። ደህናውን እንጨት ሳንኳኳ እንኳ ያ ዱብ የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል። እፈራለሁ አጎቴ። አክስቴ ለብርዱ ይሁንህ፣ አንተም ልጄ ነህ ብላ የሰጠችኝን የእሱን ሹራብ አንድ ቀን አልለበስኩትም። ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ኖሯል፤ ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

ጀልባውን የገለበጠበት ነፋስ ነው አላችሁ። ሐዘን ስንቀመጥ እኔም ነፋስ ነው አልኩ። ባሕሩ ጀልባውን ኦቦክ አጠገብ ተፍቶት ባለቤቱ ወሰደው፤ ልጁን ግን አልመለሰልንም። እርስዎም ያንን ጀልባ ዓይኔ እንዳያየው ብለው ሄደው አላዩትም። ያኔ አረንጓዴ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ እያደር ጨለመብኝ።

አሁን ሻጩ ይሄኛው ከየመን የመጣ ነው ብሎዎታል። እርስዎ ግን ሲያንኳኩ ከኋላ በግራ በኩል፣ ከላይ ሦስተኛው ጣውላ ላይ ይቁሙ። ፎቶው ላይ ጠርዙ በቀለሙ ሥር ይታያል። ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ነው፤ የያዘው ሁለት ጎድን ብቻ ነው። በቢላ ይፋቁት። ከነጩ ሥር አረንጓዴው፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰጋቱራና ኮላ ይወጣል። አሁንም ይፋቁ። እንጨቱ ሲገለጥ አፍንጫዎን አስጠግተው ያሽትቱት።

አንድ አናጢ አውቃለሁ። የአያቱን ቤት ስንት ክረምት ያቆመ የአንኮበር ጥድ ባሕርንም ይችላል ብሎ ከአገሩ ቁራጭ ይዞ ወረደ። ጥዱስ አልከዳውም፤ የተመታበት እንጨት ነበር የበሰበሰው። አናጢው አንኳኩቶ ያንን ድምፅ በጆሮው ሰምቷል። የጀልባው ባለቤት ቶሎ በል ሲለው ግን ቀባበት። ማን እንደሚነዳውም ያውቅ ነበር።

በታጁራ ዳርቻ ጥድ አይበቅልም። የሚሸትዎ የአባትዎ ቤት ምሰሶ ነው።

ሰዳም እግሩን እዚያ ጀልባ ውስጥ እንዳያስገባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። አላህ እሱን ያቆይልዎ፣ ለእርስዎ ዕድሜና ጤና፣ ለአክስቴ ሰብርና ጽናት ይስጥልኝ። ይህን ያንብቡላት ወይም ይተዉት አልልም፤ እርስዎ ያውቃሉ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ሹራቡን ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ጣውላውን ፍቀው ካሸተቱ በኋላ ቢመልሱልኝ እለብሰዋለሁ። ባይመልሱልኝም ይገባኛል።

የእህትዎ ልጅ፣ አናጢው