አኮርዲዮንህን ይዘህ ና

ውድ ወንድሜ ነጎድጓድ፣

እማማ ያወጣችልህን ስም የጻፍኩት ምናልባት ብትስቅ ብዬ ነው። ስልኬን አላነሳ ስላልክ ወረቀት ያዝኩ።

እሁድ ከመዘምራኑ ክፍል በሩን በኃይል ዘግተህ ስትወጣ ቆሞሳችን አባ ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። አንተ ደግሞ ቁጣህ ከጆሮህ ይቀድማል። ለእማማ መታሰቢያ ቅዳሴ፣ ከቁርባን በኋላ፣ ብቻህን አኮርዲዮን ልጫወት አልክ፤ እሳቸው አይሆንም ሲሉህ መሣሪያህ የተናቀ መሰለህ። ነገሩ ሌላ ነው። አሁን የጾም ወቅት ስለሆነ፣ በእኛ በካቶሊኮች ሥርዓት ኦርጋናችንም ብቻውን አይሰማም፤ የሚዘምረውን ሕዝብ ድምፅ ከመደገፍ አያልፍም። ሊሉህ የነበረው ይህንን ነው።

እርግጥ እኚያ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ጡረተኛ መዘምራችን «የመሸታ ቤት ዕቃ» ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ። አንተ ከወጣህ በኋላ «ጋሼ፣ እርስዎስ የሚዘምሩት በሚጠጡበት አፍ አይደል እንዴ?» አልኳቸው። አባ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

በመረጥከው ዜማ ግን አልደግፍህም። እማማ ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉረው ዘፈን እኔንም ያስለቅሰኛል። ነገር ግን በየሰርጉ ስታስጨፍርበት ኖረህ፣ ገና ስትጀምረው የሰው እግር መሬት መምታት ይጀምራል፤ ጸሎቱን ማን ያስታውሳል? እሱን ቤት ትጫወትልናለህ፤ እኔም እጨፍራለሁ።

የምለምንህ ሌላ ነው። እማማ ልትሞት ሰሞን ወጥ ቤት ሆኜ እሰማችሁ ነበር። መዝሙረ ዳዊቱን ስታዜም ትንፋሽ ያጥራታል። አንተ በአኮርዲዮንህ ያቺኑ አንዲት ድምፅ ቀስ አድርገህ ይዘህ ትጠብቃታለህ፤ ስትቀጥል አብረሃት ትሄዳለህ። ሰርገኛው ወንድሜ እንዲህ መጫወት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ይህንን ለአባ ስነግራቸው፣ «እንዲህ ከሆነማ ይምጣ፤ የሕዝቡን ዝማሬ ያጅብልን» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በመታሰቢያው ቅዳሴ ያንኑ መዝሙር እንዘምራለን፤ የምመራው እኔ ነኝ። ለመዘምራኑ አልሰጋም፣ በደንብ ተለማምደዋል። የምሰጋው ለራሴ ነው። መሀል ላይ ድምፄ መቆረጡ አይቀርም። ኦርጋን ተጫዋቿ ምቷን ጠብቃ ትሄዳለች፤ አይፈረድባትም፣ እናቷ አልሞተችባትም። አንተ ግን ትጠብቀኛለህ።

ታላቅ እህትህ