ስለ ሁለቱ ፓምፖችና ስለ እድላዊት፣ ለወንድሜ ለካሱ

ካሱ፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ሰላምታውን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት በሰላምታ መሃል እንዳይለዝብብኝ ብዬ ነው። አሁን ሰላም ልበልህ። እንደምን ከረምክ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ ዛሬም ሱቅህ ውስጥ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትቆመው? የሺመቤት ደህና ናት? የአብስራስ አደገች? ደርባንስ ብርዱ ገባ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴም የሚያመኝ ስቀመጥ ነው፤ እኔም ሰሞኑን ስላልተቀመጥኩ አልተቸገርኩም።

በስልክ ማውራት እንችል ነበር። ግን በስልክ ስቆጣ ትስቃለህ፣ አንተ ስትስቅ እኔም ሳልወድ እስቃለሁ፣ ነገሬን ሳልጨርስም ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ላይ ማቋረጥ የለም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ አንተም እንደ እጄ ቀስ ብለህ አንብበው። የተማርኩት በአማርኛ ነውና በአማርኛ እጽፋለሁ። በጋሞኛ ቢሆን ስድቡ ይጣፍጥ ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሰፈራችን ሲቀላ በየካቲት ምን እንደሚመስል አልረሳኸውም። ከቆርቆሮው ሥር ሰው እንኳ ይቀልጣል። የእድላዊት ኮምፒውተር ደግሞ ከሰው ይብስ ነበር። ሥራዋን ታውቃለህ፤ ቤት ገና ሳይሠራ ተሠርቶ የሚያሳይ ሥዕል ትሠራለች፣ መስኮቱ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ሳይቀር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮህና ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። በጥር ከአዲስ አበባ አንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ነይ ብሎ ሲጠራት ለእኔ ያለችኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "እማዬ፣ በዚህ ሙቀት መሥራት አልቻልኩም" አለችኝ። እኔም ይህችን ቃል ያዝኳት። ሙቀቱ ከበረደላት ልጄ ትቀርልኛለች አልኩ። ያለችኝ አንዲት ልጅ እሷ ናት፤ አባቷን በቀበርኩ ማግሥት እንኳ ቤቱ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ የእሷ ነው።

ወዲያው ለአንተ ደወልኩ። አንተም "እትዬ፣ መፍትሔው ውሃ ነው" አልከኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ውሃ? ያበድክ መሰለኝ። "እንደ መኪና ራዲያተር አስቢው" ስትለኝ ግን ገባኝ። ውሃና ሞተር ከሆነማ የእኔ ሥራ ነው አልኩ።

ዕቃው ከደቡብ አፍሪካ ለሠርግ ወደ ገረሴ በሚመጣ ሰው እጅ ደረሰን። ራዲያተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ልብ ላይ የሚያርፈው መዳብ፣ ቱቦው፣ ውሃው የሚጠራቀምበት እንደ ብርጭቆ የጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁለት ፓምፖች። አንዷ ሎሚ ታህላለች፣ ሁለተኛው ጡጫ ያህላል። ቱቦውን የሚይዙት ማያያዣዎች ግን ስድስት መሆን ሲገባቸው አራት ነበሩ። እድላዊት "ችግር የለም፣ አዲስ አበባ ይገኛል፣ በአውቶቡስ አስልካለሁ" አለች። አዲስ አበባ የሚለውን ቃል ከአፏ ለመንጠቅ ስል ጃንጥላዬን ይዤ ራሴ ወጣሁ።

ሽበሺን ታስታውሰዋለህ፣ ከገበያው በላይ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠውን። ገና ሲያየኝ "እማማ ልክነሽ፣ ደግሞ የት ፈነዳ?" አለኝ። የፈነዳ የለም፣ ለኮምፒውተር ነው ስለው "ለኮምፒውተር ውሃ? ለቴሌቪዥኑስ ሻወር ላዘጋጅልዎት?" ብሎ ሱቅ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። እኔም አንተ ቧንቧ የገጠምክበት ቤት ሁሉ ጣሪያው ሲያለቅስ ነው የሚውለው፣ መሳቢያህን ክፈት አልኩት። ከዚያ በኋላ ሰው ሆነ። ሩብ ኢንች የሆነውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈልኝ። የብረቱን ገፋሁት፤ ይዝጋል። የፕላስቲኩን ገፋሁት፤ ጥርሱ ገና በጥፍር ስነካው ተላጠ። ናሱን እያገላበጥኩ አየሁት፣ ከራሴ ጋር የወሰድኩትን አንዱን ማያያዣህን ከጎኑ አቁሜ አስተያየሁት። ያንተ ጥርሱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ የእሱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ሽበሺም "እማማ፣ ይሄ ለብረት ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እንደ ሽብልቅ ነው የሚገፋው፣ ፕላስቲክ ላይ ከሆነ ቀስ ይበሉ" ብሎኛል። ልዋሽህ አልችልም፣ ብሎኛል። ሁለት ናስ ያዝኩና ወጣሁ።

ውሃውን ደግሞ ስማ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ የምንጭም አይሆንም፣ ውስጡ ዝቃጭ ይሠራል ተባለ። አርባ ምንጭ ተቀምጬ፣ ከመኪና ዕቃ ሻጭ ሦስት ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ይዤ ስመጣ የባጃጁ ሹፌር "መኪና ገዙ እንዴ?" ብሎኛል።

ፓምፑ ላይ ተጣላን። እኔ ላንቴ ቀበሌ፣ ሙዝ እርሻው ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመስኖ ሞተር የጠበቅኩ ሴት ነኝ። ሞተር ሲመረጥ የሚታየው ውሃው መጨረሻ ላይ ካለው ሙዝ መድረሱ ነው። ደካማ ሞተር መሃል ያሉትን ያጠጣል፣ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ይደርቅበታል፣ ከዚያ በዱላ ይፈላለጋሉ። ስለዚህ ጡጫውን አልኩ። እድላዊት ሎሚዋን አለች። "እማዬ፣ ይሄ ውሃ እኮ የትም አይሄድም። የሚወርደው የሚወጣውን ራሱ ይስበዋል፣ ጫፍ የሚባል የለውም" አለችኝ። ጫፍ የሌለው ውሃ አላውቅም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እሷም "ትልቁ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይረብሻል" አለች። የትኛውን ጎረቤት? ከአጥራችን ወዲያ የባጃጅ ጋራዥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጡ ነው የሚውሉት። ይህን ስላት አቀርቅራ ሥራዋን ቀጠለች። ሎሚዋም ተገጠመች። ያኔ ማቀርቀሯን ልብ አላልኩትም፤ ዓይኔ ፓምፑ ላይ ነበር።

ከደብዳቤው ተነሥቼ ውሃ አፍልቼ መጣሁ። ለማንም አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው ያፈላሁት። ልቀጥል።

ገጥማ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን ሳታበራ ፓምፑን ብቻ አስነሳችና በየማያያዣው ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፈች። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ይዋል፣ ወረቀቱ ከረጠበ ይታወቃል አለች። እሁድ ነበርና ቅዳሴ ሄደች፣ እኔ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አራት ሰዓት ላይ ከአንዱ ናስ ሥር፣ ወረቀቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ አየሁ። እድላዊት "እማዬ፣ በጣት ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ውሃውን የምትይዘው የጎማዋ ቀለበት ናት" ብላኝ ነበር። ግን እጄ የሚያውቀው ሌላ ነው። ላንቴ ማያያዣ ሲያነጥብ ነጩን የቧንቧ ፕላስተር፣ ቴፍሎኑን፣ ትጠቀልላለህ፣ ከዚያ ትከሻህ እስኪናገር ታጠብቃለህ። ፓምፑን አጠፋሁ፣ ናሱን ፈታሁ፣ ጠቀለልኩ፣ በዚያው በድሮው መፍቻዬ አጠበቅኩት። አዲስ ወረቀት ባነጥፍ አንድ ጠብታ አልወረደበትም። ከቅዳሴ ስትመለስ "ደርቋል" አልኳት። መንካቴን አልነገርኳትም።

ሁለት ቀን ሠራ፣ ካሱ። ሁለት ቀን! ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ ኮምፒውተሩ አንድም ሳይጮህ። እድላዊት እያንጎራጎረች ስትሠራ ሰማሁና በልቤ ቀረችልኝ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከውስጥ ጠጭ የሚል ድምፅ መጣ። ያ የጠራ ጠርሙስ ናሱ ከገባበት አፍ ጀምሮ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ውሃው ወደ ታች ወረደ፣ ስክሪኑም ጠቆረ።

ሶኬቱን ነቀለች፣ ሳጥኑን በጎኑ አስተኛችው። እኔ እጮኻለሁ። መጀመሪያ አንተን ከነአራት ማያያዣህ ረገምኩ፣ ቀጥዬ ሽበሺን። እሷ ናሱን አውጥታ በብርሃን አገላበጠችው። "እማዬ፣ መፍቻ ነክሶታል" አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው። ጨርቅ አምጥታ ውሃውን መጥረግ ጀመረች።

ያስደነገጠኝ ውሃው አይደለም፣ አለመቆጣቷ ነው። ልጄን አውቃታለሁ፣ እርሳሷን ካነሳሁ እንኳ ቤቱን ታናውጣለች። የሚቀር ሰው ይጣላል፤ ይቅር እያለ የሚውለው የሚሄድ ሰው ነው። ተቆጪ እንጂ፣ ምነው? አልኳት። "ጊዜ አለኝ። የምጀምረው ከፋሲካ በኋላ ነው" አለች። ምኑን? አልኩ። ጨርቁን አስቀመጠች። ያኔ ሁሉንም ነገረችኝ። ለቢሮው እሺ ካለች ቆይታለች። ክፍልም ተገኝቶላታል፣ ከአንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር። "የምሸሸው ሙቀቱን አይደለም እማዬ፤ እዚህ የምሠራው ሥራ አልቆብኛል። ላንቺ መንገር ነው ያቃተኝ። አጎቴ ግን ከጥምቀት ጀምሮ ያውቃል" አለች። ሎሚዋንም የላክሃት አንተ፣ ግድግዳው ስስ ለሆነ የኪራይ ክፍል ብለህ መርጠህ ነው። ትልቁ መጠባበቂያ ነበር።

ከጥምቀት ጀምሮ! እኔ ጃንጥላ ይዤ ሲቀላን ስዞር፣ ሰው ሲስቅብኝ፣ አንተ በስልክ "ናስ ጥሩ ነው እትዬ፣ በርቺ" ትለኝ ነበር። ልጄን ለመንገድ እያዘጋጀሁ መሆኔን እያወቅክ። መቼም አንተን ይህ አያስደንቅህም። አንተም ስትሄድ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። እናታችን ታውቃለች፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ የሙዝ ጫኙ እንኳ ያውቃል። አንተን ደብተር ለማስያዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጭቃ ውስጥ የቆምኩት እኔ፣ ሞያሌ ከደረስክ በኋላ ነው የደወልክልኝ። "እንዳታለቅሺ ብዬ ነው" አልከኝ። እኔ መቼ ነው አለቅሳለሁ ያልኳችሁ?

ኮምፒውተሩ ተነሥቷል፣ እንዳትጨነቅ። ሦስት ቀን በጥላ አደረቀችው። ጠርሙሱና ሁለቱ ማያያዣዎች ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን በአውቶቡስ መጡ፤ እኔ ያን ሁሉ የዞርኩለት ዕቃ። በጣቷ ብቻ አጠበቀችው፣ እኔም እጄን ከጀርባዬ ይዤ ቆሜ አየሁ። አሁን ይሠራል። ሎሚዋን እጅህን ካላሳረፍክባት መሥራቷን አታውቅም። ልጅህ እንደዚህ ያለ ነገር በእጇ ስትሠራ ብታይ አንተም እንደ እኔ ትቆም ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። የተጠረገውን እጠርጋለሁ። እስከ በሩ እሄድና ለምን እንደመጣሁ ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። ትናንት ከሰዓት ወደ ላንቴ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ይህንን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ አምስቴ ተነሥቻለሁ። እሷ በዚያ ክፍል ተቀምጣለች፣ በሩ ክፍት ነው። ከእኔ እስከ እሷ ስድስት እርምጃ ነው። እኔ ግን ምን እያሰበች እንደሆነ ለማወቅ ስፈልግ ስንት ዓመት ሙሉ የምደውለው ወደ ደርባን ነበር። እሷን ብጠይቃት የምትመልስልኝን ስለፈራሁ ነው። አንተም ይህን ፍርሃቴን ታውቀዋለህ፤ አውቀህም ተጠቀምክበት።

የሺመቤትን በእኔ ስም ሳማት፤ እሷ ባታውቅም ባላት ነህና ከወቀሳው ድርሻ አላት በላት። የአብስራን ግንባሯን ሳምልኝ፣ ጥርሷ ሲወልቅ የተነሳችውን ፎቶ አይቼዋለሁ፣ አባቷን መምሰሏን ትተው። ሱቅህ ውስጥ አብሮህ የሚሠራውን እንድሪያስን ሰላም በለው፤ እናቱ ገረሴ ደህና ናቸው፣ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸዋለሁ፣ ይደውልላቸው። እድላዊት ሰላም ትልሃለች ብዬ አልጽፍም፤ እናንተ በየቀኑ እንደምታወሩ ደርሼበታለሁ።

አሁን ወረቀቱን አጥፌ ወደ እሷ ክፍል እሄዳለሁ። ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያበስል፣ ስንት ጊዜ እንደምትመጣ ከእሷ ከራሷ እሰማለሁ፣ የሚከፋኝም ቢሆን። ስለ ልጄ ከእንግዲህ አንተን አልጠይቅም።

እህትህ ልክነሽ
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.