ጠዋት በሦስት ሰዓት የሚቀዘቅዝ ባሕር

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 6

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? የባሕር ዳሩ ሹመትስ ተስማማህ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሄድክ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።

የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። ስለ ተማሪዬ ስለ እመቤቴ ነው፤ በዞኑ የሳይንስ ውድድር መልሷን በቀይ የሰረዝክባት የእብናቷ ልጅ። በውድድሩ አሸንፈው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ የሚያልፉት ልጆች ስም ማክሰኞ ይላካል። የሷ የለበትም።

ጥያቄው የወጣው ካንተ መምሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ስምህ ከነፎቶህ ጉብ ካለበት። ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ ውቅያኖስ ላይ የታሰረ መለኪያ በየሰዓቱ የመዘገበውን ሙቀት ተማሪው ራሱ መርምሮ፣ ባሕሩ መቼ እንደሚሞቅ፣ መቼ እንደሚቀዘቅዝ ይናገር ይላል። ያንተ መልስ፣ የሚቀዘቅዘው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የሚሞቀው ከምሽቱ አሥራ ሁለት። እሰይ! ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሙሉ ባሕሩ ምን ነክቶት ይቀዘቅዛል?

ልጅቷም ይህንኑ ጠየቀች። ጠይቃም ዝም አላለችም፤ ግቢያችን ያለውን የውኃ በርሜል ሁለት ቀን ሙሉ በየሰዓቱ ለካች። በርሜሉ የቀዘቀዘው ሲነጋ፣ የሞቀው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ተመልሳ የመዝገቡን አናት ብታነበው ለካ ሰዓቱ የግሪንዊች ኖሯል! እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሦስት ሲል እኛ ዘንድ ገና እየነጋ ነው፤ አሥራ ሁለት ሲል የኛ ዘጠኝ ነው። የፈረንጁን ሰዓት በሐበሻ ሰዓት አነበብከው፣ ጌታው። ወይም ሌላ ሰው አነበበልህ።

ይህን ስታስረዳህ፣ ባሕር አይታ የማታውቅ ልጅ ስለ ውቅያኖስ ምን ታውቃለች ብለህ ዳኞቹ ፊት ሳቅክባት አሉ። አንተስ ከጣና ሌላ ምን አይተሃል? እሱንም ከአውቶቡስ መስኮት! ርእሰ መምህራችን ጋሼ ሞላ እንድታርመው ቢለምኑህም የታተመ አይታረምም አልካቸው። እሳቸው አፍረው ተመለሱ፤ እሷ እስካሁን ታለቅሳለች።

ስሕተቱን ግን አውቀዋለሁ። በተለያየንበት ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ሰማያዊው ደብተሬ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ነው። ጥር ላይ ነቅቼ አረምኩት፤ ያረምኩት ግን ሌላ ደብተር ላይ ነው። ሰማያዊውን ታኅሣሥ ላይ ዕቃህን ጭነህ ከሄድክ ጀምሮ አላየሁትም።

እናም ዛሬ ለዳኞቹ ጻፍኩ። ልጅቷ ትክክል ናት፣ ስሕተቱ የኔ ነው አልኩ። ለመምህር ይህን መጻፍ ቀላል እንዳይመስልህ። በዚያ ጥቅምት ተማሪዎቼ ከሰሌዳ የገለበጡትንም ከነፊርማዬና ከነቀኑ አያይዣለሁ። የኔ ስሕተት ያንተ መምሪያ ውስጥ ምን ይሠራል ብለው ከጠየቁህ አንተው ታስረዳቸዋለህ፤ ንግግር መች ያንስሃል።

እናትህን እማማ ብዙነሽን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ እሳቸውስ ምን በደሉ። ላንተም እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ፣ ዓይንህንም ያብራልህ። ሰማያዊውን ደብተር ላክልኝ፤ የቀሩት ገጾች ትክክል ናቸው።

የቀድሞዋ ሚስትህ