የዘሃራ መልስ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.፣ መርሳ

የጤና ጣቢያችን ሐኪም የአራሶችን ጭንቀት ለሚያጠናበት ሥራ ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ባሏ የዘመተባትን ዘሃራን ጠየቅኳት።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሆድ ይብስሻል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?»

ጡት የያዘውን ልጇን ሳታይ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ተሰልፈው የሚጠብቁ ነበሩ፤ «ደህና ናት» ብዬ ፈረምኩ። እጄን ይቁረጠው!

ዛሬ አማቷ ሕፃኑን አዝለው ከመንደራቸው ከግራና ብቻቸውን መጡ። «ዘሃራ በገዛ እጇ ሞተች» አሉኝ።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አልኳቸው።

«ጌታን ማማረር ነውር ነው፣ ልጄ። ለእኔስ መች ነገረችኝ?»

ለሕፃኑ የዱቄት ወተት ሰጥቼ በር ድረስ ሸኘኋቸው።

«እርስዎስ እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።