የሰው ኮት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ስትነሺም ስትቀመጪም የሚያሰማው ድምፅ ቀነሰ ወይስ እንደ ድሮው ነው? አክስቴ እንዴት ናት? ስለ ጎረቤቶቻችን እንኳ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ልብሳቸው በየሳምንቱ እኔ ጋ ስለሚመጣ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ፣ የማን ልጅ ቁመቱ እንደተመዘዘ ካንቺ ቀድሜ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ በሕይወት አለሁ። የቀረውን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ በስልክ ሲሆን ሁለታችንም እንጮሃለን፣ ከዚያ አንቺ «ካርዴ አለቀ» ትያለሽ። ካርዱ ደግሞ አላለቀም። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ያስጨርሳል ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ።

እማ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ፋሽን ዲዛይን ልማር ነው። ጨርቅ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን፣ ወረቀት ላይ ካለ ሥዕል ፓተርን፣ የመቁረጫ ልክ ማለት ነው፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ የአንዱ ሰው ትከሻ ከሌላው ለምን እንደሚለይ ነው የምማረው። «ሱሪ ማሳጠር» የሚባል ኮርስ የለንም። አንቺ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ምን ብለሽ እንደነገርሽ እንጃ፣ አውቶቡሱ በመጣ ቁጥር አንድ ማዳበሪያ ልብስ ይወርድልኛል። ሾፌሩ እንኳ ሰልችቶት «እናትሽ ሱቅ ከፍተዋል እንዴ?» አለኝ። የአክስቴ አረንጓዴ ቀሚስ ስንት ጊዜ ተመላለሰ! «ታጥቦ ነው የጠበበው» ብላ ትምላለች፤ ከወገቡ የምለቀው ጨርቅ ካለቀ ቆይቷል፣ አሁን የቀረው አክስቴን ማሳጠብ ነው። የጥበቃው ዩኒፎርም መጣ። የባለ ሱቋ መጋረጃ መጣ። መጋረጃ፣ እማ! መጋረጃ የሚለብስ ሰው አለ? ስጮህብሽ ደግሞ «ለአንቺ ምን አላት» ትይኛለሽ። ይቺ «ምን አላት» የምትባል ነገር ጨጓራዬን ልጣ ጨረሰችው።

ክፍላችን ጠባብ መሆኑን ነግሬሻለሁ። ማዳበሪያው ከአልጋዬ ሥር አልገባ ብሎ በር ላይ ተቀምጧል። የልብስ መለኪያው አሻንጉሊት ራስ የለውም፤ የአክስቴን ቀሚስ አልብሼው ትቼው ብወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፍታ ጩኸቷን አቀለጠችው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ «መቀስ» ነው የምንላት፣ አፏ ስለታም ስለሆነ፣ «እናትሽ ለምን ጠቅላላ ሰፈሩን ጭነው አይመጡም?» አለችኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን ያ ቡናማ ኮት ነው።

እንደሌላው ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ አልመጣም። ለብቻው፣ በንጹሕ የትራስ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ተተኩሶ መጣ። የማን እንደሆነ አልጻፍሽበትም። ስደውል «ገበሩ ብቻ ነው የሚቀየረው፤ የሰው ነው» አልሽኝና ወሬ ቀየርሽ። የሰው መሆኑንማ አውቃለሁ! የላም ኮት ትልኪልኛለሽ ብዬ መች አሰብኩ? ተናድጄ ከሌሎቹ ላይ ወረወርኩት።

በዚያው ሰሞን መምህራችን የዓመቱን ትልቁን አሳይመንት ሰጠችን። እሷን ብታዪያት! መነጽሯ ሁልጊዜ አናቷ ላይ ነው፣ አንገቷ ላይ ሜትር አይጠፋም፤ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የሠራሽውን ስታሳዪያት «እንይ» ትልና ዝም ትላለች። ያዘዘችን ይህን ነው፦ የተለበሰ አሮጌ ልብስ ፈልጉ፤ ስፌቱን አንድ በአንድ ተርትሩት፤ የለበሰው ሰው ምን ዓይነት ሰውነትና ምን ዓይነት ኑሮ እንዳለው ከጨርቁ አንብቡ፤ ከዚያ በዚያው ጨርቅ ፈጽሞ አዲስ ልብስ ሥሩ። የነጥባችን እኩሌታ በዚህ ነው። መቀስ ወደ በሩ በአገጯ አመለከተችኝና «ባለቤት የሌለው ኮት ከዚህ ወዲያ የት ታገኛለሽ?» አለች። እኔም ንዴቴ አልበረደም ነበርና፣ ስሙን እንኳ ሳይጽፍ ልብሱን የሚልክ ሰው ይቅርበት ብዬ ምላጭ አነሳሁ።

እማ፣ ስለ አንድ ሰው ልብሱ ይህን ያህል እንደሚናገር አላውቅም ነበር። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ከባድ ሣጥን በዚያ በኩል ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ትናንሽ የተቃጠሉ ቀዳዳዎች አሉ። የክፍላችን ልጆች ሲጋራ ነው አሉ፤ መምህሯ ግን አቅርባ አየችና «ይሄ የሚበየድ እርሳስ ሲፈናጠር ነው፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ይመስለኛል» አለች። እውነትም አንዱ ቁልፍ በክር ሳይሆን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው የታሰረው። ቁልፍ በሽቦ! «ብቻውን የሚኖር ሰው» ብዬ ጻፍኩ። «ሳቅ የሚወድ» ብዬም ልጨምር ነበር፣ መምህሯ ማስረጃ የለሽም ትለኛለች ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የውስጥ ኪሱ ላይ ደረስኩ። ኪሱ አንድ ጊዜ ተቀዶ ተሰፍቷል። ምላጩን አስጠጋሁና እጄ ቆመ።

እናቴ፣ ያንን ስፌት እኔ በጨለማም ብዳስሰው አውቀዋለሁ። ደቃቃ፣ እኩል፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄድ፤ ቋጠሮው በሁለቱ ጨርቆች መሃል የተደበቀ። ቋጠሮዬ በታየ ቁጥር ትርትር አድርገሽ እንደገና የምታሰፊኝ ማን ነበረች? ክሩም ሰማያዊ ነው፤ ያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ክር፣ አላልቅ ያለሽ ጥቅል። ለጎረቤት ብላ ሰፍታለታለች ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ግን የጎረቤቱን ሁሉ ወደ እኔ ትልኪው የለም እንዴ? የአክስቴን አንድ ቁልፍ መትከል አቅቶሽ «ዓይኔ አያይም» አላልሽም? ለዚህ ኪስ ዓይንሽ እንዴት አየ?

በማግስቱ ደወልሽ። እንዴት አደርሽ እንኳ ሳትይ «ኮቱስ?» አልሽኝ። «ተተርትሯል» አልኩሽ። «ገበሩ?» አልሽ። «ሁሉም» አልኩ። ጸጥ ስትይ ከኋላሽ ራዲዮ ሲያወራ ሰማሁ። አባባ ካረፈ ጀምሮ ትንፍሽ ያላለው ራዲዮናችን ከመቼ ወዲህ ነው የሚያወራው ብዬ ጠየቅኩሽ። «የጎረቤት ነው» አልሽ። የጎረቤት ራዲዮ እንዲህ ጆሮዬ ሥር ነው የሚያወራው? ከዚያ ስለ ኮቱ ባለቤት፣ «ደግ ሰው ናቸው፤ ቸግሯቸው ነው እንጂ ሰው አያስቸግሩም» እያልሽ በአንቱታ ጀመርሽልኝ። እጅጌው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ እንዳለ ስነግርሽ ግን «ውይ! እሱ እኮ ብርድ አይችልም! ሌላ ምን ይለብሳል አሁን?» ብለሽ ጮህሽብኝ። በአንድ ትንፋሽ ከ«እሳቸው» ወደ «እሱ» ወረድሽ፣ እማ። አንቺም የሰማሽው መሰለኝ፤ ወዲያው «ካርዴ አለቀ» አልሽ። የደወልሽው ግን አንቺ ነበርሽ፣ ካርድሽም ገና ትኩስ ነበር።

ደሜ ፍልት አለ። ለምን እንደሆነ ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ገና ንዴቴ ሳይበርድልኝ ደግሞ ትልቁ ልጅሽ ደወለ።

ወንድሜ ሲደውል ሰላምታው አጭር ነው፣ ትእዛዙ ረጅም። «እማዬ ስልክ አታነሳም። ከሰዓት በኋላ ቤት የለችም። የት ነው የምትሄደው?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚያ እንዳለቀ ነገር አድርጎ፣ በእረፍታችን ጊዜ መኪና ይዞ እንደሚመጣ፣ አንቺን ከነአልጋሽ ጭኖ ቤቱ እንደሚወስድሽ፣ ቤታችንን እንደሚያከራየው ነገረኝ። «ብቻዋን ምን ትሠራለች እዚያ? ታሳዝነኛለች» አለ። እሷን ጠየቅሃት ወይ ስለው «ምኗ ይጠየቃል?» አለኝ። እንደሚወድሽ አውቃለሁ። ግን እንደ ቁም ሣጥን ሊያነሳሽ ነው! ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «እማዬ ሥራ ላይ ናት» አልኩት። «የምን ሥራ?» «ሽርክና ገብተናል። የሰፈሩን ልብስ የምትሰበስብልኝ እሷ ናት፤ ከሰዓት የምትወጣውም ለዚያ ነው። እሷ ከሌለች ልምምዴ ቆመ ማለት ነው፤ ልምምዴ ከቆመ ነጥቤ ይወርዳል።» ነጥብ ሲባል እንደሚፈራ ታውቂያለሽ። ትንሽ አጉረመረመና «እስክትመረቂ ድረስ እንተወዋለን» አለ።

ስለዚህ እንግዲህ በገዛ አፌ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁልሽ። ማዳበሪያ መላክ ከዛሬ ጀምሮ ግዴታሽ ነው። ወንድሜ ከጠየቀሽ ሽርክና ገብተናል በይ። መጋረጃ ግን አልቀበልም።

ወደ ኮቱ ልመለስ። በጨርቁ ልሠራው ያሰብኩት አጭር የሴት ካፖርት ነበር፤ ሥዕሉን መምህሯ አይታ አልፋዋለች፤ ከእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቁን ዘረጋሁ፣ ፓተርኑን በስፒል ያዝኩ፣ በጠመኔ አሰመርኩ። መቀሴን ከፍቼ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ከቆረጥኩት ዳግመኛ ኮት አይሆንም። መቀስ፣ ልጅቷ ማለቴ ነው፣ «ቁረጪው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትለኛለች። የሱ ዝቅ ያለ ትከሻ ፊቴ ላይ ነው፤ ያንቺ «ብርድ አይችልም» ጆሮዬ ላይ ነው። በማን እንደተናደድኩ እንኳ ጠፋብኝ፤ በአንቺ ነው፣ በሰውየው ነው፣ ወይስ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን መቀመጥሽን እንደ ተራ ነገር ባየነው በእኔና በወንድሜ ነው? መቀሱን ዘጋሁት።

መልሼ ኮት አደረግኩት። አዲስ ገበር ገባለት። በቀኝ ትከሻው በኩል ብቻ ወፈር ያለ ስፖንጅ ጨመርኩ፣ አሁን ሲለብሰው እኩል ሆኖ ይታያል፤ አይቆነጥጠውም። ቀዳዳዎቹን ከውስጥ ዘጋኋቸው። ኪሱን ግን አልነካሁትም። እንዳለ መልሼ ገጠምኩት።

የፍርድ ቀን ሲደርስ የክፍሌ ልጆች ከሸሚዝ ጉርድ ቀሚስ፣ ከሱሪ ቦርሳ፣ ከካፖርት ደግሞ ምን እንደሆነ ያልገባኝን ነገር ሠርተው መጡ። የኔ ተራ ደረሰ። መምህሯ «እንይ» አለች። አየች። «አዲሱ ልብስ የታለ?» አለችኝ። ይኸው አልኳት። «ኮት ሆኖ መጣ፣ ኮት ሆኖ ሄደ። ምኑ ነው አዲሱ?» አለች። ብርዱን ሊያልፉበት የሚጠብቁት ሰው አሉ አልኩ። «ማን?» አለች። ምን ልበላት? ያንቺው መልስ ከአፌ አመለጠኝ፤ «የሰው ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ኮቱን ገልብጣ ገበሩን አየች፣ ትከሻውን በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰች፣ ኪሱ ላይ ትንሽ ቆየች። «ስፌትሽ ከሁሉም ይበልጣል። ጥያቄውን ግን አልመለስሽም» ብላ አነስተኛ ነጥብ ሰጠችኝ። ነጥቤን ለማሻሻል በእረፍት ጊዜ እዚሁ ቆይቼ ሌላ ልብስ እሠራለሁ። ስለዚህ ለእረፍት አልመጣም፤ ድንገት በር ከፍታ ትገባብኛለች ብለሽ አትስጊ።

መቀስ እስካሁን ትቆጣኛለች። «ለማታውቂው ሰው ኮት ነጥብሽን ጣልሽ» ትለኛለች። የማላውቀው ሰው አይደለም አልኳት። ትከሻቸውን አውቃለሁ፣ እጃቸውን አውቃለሁ፣ ቁልፍ በሽቦ የሚያስሩ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ይህን ያህል ለማላውቃቸው ሰዎች ስንት ልብስ ሰፍቼ የለም እንዴ? ለወንድሜም ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ አትቸኩዪ፣ አትጨናነቂ። እሱን ለኔ ተዪው።

ኮቱን ሾፌሩ ይዞታል። በቀጥታ አትተኩሺው፤ ጨርቅ አልብሰሽበት ተኩሺ። ቀን በብርሃን፣ ሳሎን መስኮቱ ጋ አቁመሽ አስለኪያቸው። ትከሻው ከጎተተ፣ እጅጌው ከረዘመ ጻፊልኝ፤ አስተካክላለሁ። ፎቶም እፈልጋለሁ፦ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከፊት። የፊቱን ስታነሱ ፊታቸው እንዳይቆረጥ። ኮሌታውን ስታስተካክዪላቸው አንቺም ፎቶው ውስጥ ከገባሽ አይከፋም፤ የባለ ሱቋ ልጅ ታንሳችሁ። ለትምህርቴ ስለሚያስፈልገኝ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ያበርታልኝ። እጅሽ አይዛል። ዕድሜሽ ይርዘም፣ የመጣው ሁሉ በደህና የመጣ ይሁን፣ ሳቅ ከቤታችሁ አይጥፋ።

በአንቺ የተማረረችው
ታናሽ ልጅሽ